ጋሽ ይሁኔ ያቋረጡት ኪኒን

ነርስ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብላ ባለች ጤና ጣቢያ ነው። የተቀበሉኝ ጋሽ ይሁኔ ነበሩ፤ በጤና ረዳትነት ጀምረው የመርፌና የክትባት ክፍሉን የሚመሩ ሰው። በዚያው ቀን ተቅማጥ ላደረቃት ሕፃን ግሉኮስ ልሰካ ስል ደም ሥሩ ጠፋኝ። «በዓይንሽ አትፈልጊው፤ በጣትሽ ዳብሺው» አሉኝ። ዳበስኩ። ደም ሥሩን አገኘሁት።

ብዙ ዓመት አብረን ሠራን። ምሳ የምንበላው ከካርድ ክፍሉ ጀርባ፣ ፀሐይ ላይ ነበር። ለሚከተቡ ሕፃናት ያፏጩላቸዋል። ፉጨታቸው ዜማ የለውም፤ ሕፃናቱ ግን ዝም ይላሉ።

አንድ ጊዜ ሠራተኛው ሁሉ ሲመረመር በጋሽ ይሁኔ ደም ውስጥ የጉበት ቫይረስ ተገኘ። የደብረ ማርቆሱ ሐኪም በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አስጀመራቸው። ከጊዜ በኋላ «ቫይረሱ አይታይም» የሚል ውጤት መጣ። ያን ዕለት ለሁላችን ለስላሳ ጋበዙን። ሐኪሙ ግን «ተኝቷል እንጂ አልወጣም፤ እንዳያቋርጡ» ብሏቸው ነበር።

ከዚያ መንገድ መዘጋት መጣ። መድኃኒት የጫነ መኪና ከደጀን ማለፍ ሲያቅተው ኪኒኑ አለቀ። መንገዱ ሲከፈት፣ «ጋሼ፣ መድኃኒቱ ገብቷል፤ ሄደው ይውሰዱ እንጂ» አልኳቸው።

«ምን ሆንኩና? እበላለሁ፣ እሠራለሁ። እስቲ ከኪኒን ትንሽ ልረፍ።»

ደጋግሜ ወተወትኳቸው። «ከበዓል በኋላ» ይሉኛል። በዓሉ ያልፋል፣ ሌላ በዓል ይመጣል።

አንድ ጠዋት ጋዋን ሲለብሱ የዓይናቸው ነጩ ቢጫ ሆኖ አየሁት። ማየቴን አወቁ።

«ተመለሰ፣ አይደል?»

«ተመልሷል፣ ጋሼ።»

ወዲያው ደብረ ማርቆስ ይዣቸው ሄድኩ። ኪኒኑ እንደገና ተጀመረ፤ ጉበታቸው ግን ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ሆዳቸው ውኃ ቋጠረ። አልጋቸው አጠገብ ስቀመጥ የጠየቁኝ ስለ ሥራ ነው።

«ክፍሉን ማን ያዘው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰኞ ክትባት አለ። እናቶቹ ከሩቅ ነው የሚመጡ። ሂጂ።»

ሄድኩ። ሰኞ እየከተብኩ ሳለ ማረፋቸው ተነገረኝ። የተሰለፉትን እናቶች ጨርሼ ሸኘሁና በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ዛሬ የምሠራው ይጁቤ ጤና ጣቢያ ነው። ክፍሉ ሰፊ፣ ማቀዝቀዣውም አዲስ ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ያች ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ያለች ፀሐይ ትናፍቀኛለች፤ ሰውየው ይናፍቁኛል። ሥራውን እንዲያ ቀለል አድርጎ የሚያሠራኝ ሰው ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም።

ለአዳዲስ ነርሶች የምነግራቸው ይህን ነው፦ የጉበት ቫይረስ ኪኒን የሚወስድ ሰው ደህና የሆነው ኪኒኑን ስለሚወስድ ነው። ካቋረጠ፣ እስኪያመው ሳትጠብቁ ሐኪም ጋ ውሰዱት።