ስሜን የጻፍኩበት ሲኒማ

ከአዋሳ የወጣሁት ሰፈሩ ሁሉ ፊልም እያየ ነው። አዎ፣ ፊልም! ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ በቀበሌው አዳራሽ ስለ ትራክተር የሚያወራ ፊልም ያሳዩን ነበር። በር ላይ ስምሽን ከነአባትሽ፣ ቀበሌሽንና የቤት ቁጥርሽን ጽፈሽ፣ ፈርመሽ ትገቢያለሽ፤ የቀረ ሰው በማግስቱ ይጠራል። ፈርሜ ገባሁ። መብራት ሲጠፋ ሳል የማይለቀው ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ጴጥሮስ ክንዴን ነካ አደረገኝና፣ "በይ ሂጂ። ይርጋለም ያለችውን አክስታችንን ልታስታምም ሄደች እላቸዋለሁ። አንቺ ብቻ ድምፅሽን አጥፊ" አለኝ። እሱ እንዳይጠረጠር እዚያው ትራክተሩን ሲያይ ቀረ። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ ተደብቀን ከምንዘምረው መካከል ሁለቱ ተይዘው ነበርና ተራው የእኔ ነበር። ቡሹሎ በኩል የጭነት መኪና ጠበቀኝ፤ በሞያሌ አድርጌ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ደግሞ በስደተኛ ወረቀት ፈረንሳይ። በኋላ የሆነውን ስትሰሙ ቶሎ አትፍረዱብኝ።

ያስቀመጡኝ ከተማ እንዳይመስላችሁ፤ ትንሽ መንደር ናት። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። አይባቸው፣ ይቅር ይበለኝና፣ የሰነበተ ካልሲ ይሸታል። በቅቤ የሚታሸው የቆጮ ቡርሳሜያችን ባማረኝ ቁጥር ድንች ቀቅዬ በቅቤ እያሻሸሁ ራሴን አታልላለሁ፤ ምን ላድርግ! ቤት ያከራየችኝ ማዳም ኢቬት ግን ደግ ሴት ናት። አንድ ቀን "ሐሙስ ሲኒማ አለ" ስትለኝ ክው አልኩ።

"የቀረ ሰው ምን ይደረጋል?" አልኳት በተሰባበረ ፈረንሳይኛ።

"ምን ይደረጋል? ፊልሙ ያመልጠዋል!"

"ሌላስ?"

"ሌላማ... አርብ ዳቦ ቤት ሲወራ የሚለው ያጣል።"

አላመንኳትም። ሄድኩ። በሩ ላይ ሙሴ ሮዤ የሚባል ጡረታ የወጣ አስተማሪ መዝገብ ዘርግቶ ቆሟል! እጄ ሳላዘው ጻፈ፤ ስም ከነአባት፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር። "አድራሻ" የሚል ረድፍም ነበረው። እዚህ እንግዳ ነኝ፣ የተመዘገብኩት አዋሳ ነው ብዬ የጋሼ ጴጥሮስን መሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን ቁጥር ሞላሁበት። ቅጽ ላይ ባዶ ቦታ የተወ ሰው ምን እንደሚመጣበት እናንተም ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ሐሙስ አልቀረሁም፤ መጀመሪያ ከፍርሃት፣ ኋላ ግን፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ከደስታ። መሃል ላይ ተነስቶ የሚወጣ አለ፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም! በወር አንዴ ደግሞ የባህል ምሽት አላቸው፤ ሁሉም ከቤቱ ሾርባ፣ ዳቦና ወይን ይዞ ይመጣል፣ አንድ ሽማግሌ አኮርዲዮን ይጫወታል። በአራተኛው ወር "ማርታ፣ እስቲ የአገርሽን" አሉኝ። አዋሳ በር ዘግተን በሹክሹክታ የምንዘምረውን የሲዳምኛ መዝሙር ድምፄን ለቅቄ ዘመርኩት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ማዳም ኢቬት አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

ሙሴ ሮዤ ብርጭቆውን እንደያዘ ወደ እኔ መጣ።

"ቤተሰቦችሽ ፕሮግራማችንን ወደዱት?"

"የቱን ፕሮግራም?"

"በየወሩ የምንልከውን የፊልም ዝርዝር ነዋ! መዝገቡ ላይ ለተጻፈ ሁሉ በፖስታ እንልካለን። የአንቺማ ሩቅ ስለሆነ ቴምብሩን ራሴ መርጬ ነው የምለጥፈው።"

ጌታ ሆይ! ይርጋለም ናት የተባልኩት ሴት፣ ስሜ ከነአባቴ የተጻፈበት፣ የፈረንሳይ ቴምብር ያለበት ፖስታ አራት ወር ሙሉ ወንድሜ መሥሪያ ቤት ሲገባልኝ ከርሟል። ያንን ሣጥን የሚከፍተው ደግሞ እሱ አይደለም። በገዛ እጄ ወንድሜን አሳልፌ ሰጠሁት።

በማግስቱ ፖስታ ቤት ሄጄ ወንድሜ መሥሪያ ቤት ስልክ አስደወልኩ። እንዳላስጠረጥረው ብዬ እስከዚያ ቀን ደውዬለት አላውቅም። ብዙ ጠብቄ መስመሩ ተገኘ፤ የማላውቀው ወንድ አነሳ።

"አቶ ጴጥሮስን ፈልጌ ነበር።"

"ማን ልበል?"

ስልኩን ልዘጋ ዳዳኝ።  እሱ ግን በለሰለሰ ድምፅ፣

"እህትየው ነሽ? አይዞሽ፣ አትፍሪ። ለመሆኑ በዚህ ሳምንት ሲኒማው ምን ያሳያል?" አለኝ።

መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳሁም። ከሰውየው ኋላ የጋሼ ጴጥሮስ ሳል ይሰማኝ እንደሆነ ብዬ።