ሦስተኛ ክፍልን ፍለጋ

ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈሬ ከአያት የተነሳሁት አንድ ምሰሶ ለማቀፍ ነው። አባቴ ፊደል የቆጠረባት ትምህርት ቤት ልትፈርስ መሆኑን ከዘመድ ሰምቷል። ቤቷን የሠራው የአካባቢው ሰው ተባብሮ ነው፤ የመሃል ምሰሶውን ደግሞ አያቴ ከገዛ ማሳው ቆርጦ በበሬ አስጎትቶ አምጥቷል። አባቴ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ፎቶ አይጠቅመውም። «ሦስተኛ ክፍል ታገኘዋለህ። እቀፍልኝና መጥተህ ንገረኝ» አለኝ። ከአባቱ እጅ የቀረው ነገር እሱ ብቻ ነው።

ኮልፌ 18 ማዞሪያ

ከሜክሲኮ የያዝኩት ታክሲ 18 ማዞሪያ ላይ ጣለኝ። ትምህርት ቤቷ ያለችው ከዓለም ባንክ ሰፈር ወዲያ ነው፤ ረዳቱ «ዓለም ባንክ» ያለ መስሎኝ ነበር የገባሁት። ይሁን ብዬ አንዲት ቁርስ ቤት ውስጥ ፉል በዳቦ በላሁ። ወደ ዓለም ባንክ በየት ይኬዳል ብዬ ብጠይቅ አስተናጋጇ በግራ አለችኝ፤ ከጎኔ ሻይ የሚጠጣው ሰውዬ በቀኝ ነው አለ። እነሱ ሲከራከሩ ከፍዬ ወጣሁና ሁለት ታክሲ ቀይሬ ደረስኩ።

ከዓለም ባንክ ወዲያ

ኮንዶሚኒየሙ አልፎ አስፋልቱ ሲያልቅ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ኮረኮንቹ ላይ ያንገጫግጨኝ ጀመር። አባቴ የነገረኝ ስለ ገብስ ማሳና ስለ ምንጭ ነበር፤ እኔ የማየው የብሎኬት ማምረቻ፣ የቆርቆሮ አጥርና ጅምር ፎቅ ነው። ገና ከመነሻው ግር አለኝ።

የወረድኩት አንዲት የጭቃ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ግድግዳዋ በባሕር ዛፍ ተማግሮ በጭድ ጭቃ የተመረገ ነው፤ መስኮቶቿ የእንጨት ናቸው። ሠራተኞች ቆርቆሮዋን ሊያወርዱ መሰላል አቁመዋል። በሮቿን ቆጠርኩ፤ ሁለት ናቸው። ሁለት ክፍል ያላት ቤት ሦስተኛ ክፍል ከየት ታመጣለች ብዬ አለፍኳት።

ዝቅ ብሎ ሰው የሌለበት የድንጋይ ቤት አለ። ሦስት ክፍል ነው፤ ሦስተኛው ውስጥ ለስላሳ ምሰሶ ቆሟል። እቅፍ አድርጌው እንባዬ መጣ። እዚያው ሆኜ ለአባቴ ደወልኩ። አገኘሁት አልኩት፤ ሦስቱ ክፍሎች እንዴት እንደተደረደሩ፣ የድንጋይ ግንቡ ዛሬም ንቅንቅ እንደማይል እየሳቅሁ አወራሁለት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ተባረክ» አለኝ።

ስወጣ አንዲት ባልቴት ምን ጠፍቶህ ነው አሉኝ። እማማ አስካለ ይባላሉ፤ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ሳቁብኝ። ይሄ የእህል መጋዘን ነበር፤ ትምህርት ቤቱስ ከላይ ያለው የጭቃ ቤት ነው አሉኝ።

«እማማ፣ እሱ እኮ ሁለት ክፍል ብቻ ነው። አባቴ ሦስተኛ ክፍል ነው ያለኝ።»

«እኛ ክፍል የምንለው መደቡን ነበራ! አስተማሪው አንድ፣ ቤቱም አንድ። የፊተኛው መደብ አንደኛ ክፍል፣ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ ከኋላ ሦስተኛ። ፈተና ስናልፍ አንድ መደብ ወደ ኋላ ማለት ነው። ያቺ ሁለተኛዋ በር የአስተማሪው መኝታ ናት።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ዳገቱን እየሮጥኩ ወጣሁ።

ስደርስ ቆርቆሮው ወርዷል፤ ፀሐይ ቤቱ ውስጥ ገብታለች። ከጭቃ የተሠሩት ሦስት መደቦች ጫፋቸው ልጆች ከመቀመጣቸው ብዛት ተሸርሽሯል። ጥቁር ሰሌዳው የባትሪ ድንጋይ ጥላሸት የተቀባ የግድግዳ ቁራጭ ነው። ከሦስተኛው መደብ መሃል ምሰሶው ብቅ ብሏል፤ ሻካራ ነው፣ የመጥረቢያው ምልክት ዛሬም ላዩ ላይ አለ። ሠራተኞቹ አንድ ጊዜ ቁሙልኝ ብዬ ለመንኳቸውና አቀፍኩት። እብድ ነው ሳይሉኝ አልቀሩም።

የሚገርመው፣ የመጋዘኑን ምሰሶ አቅፌ ያለቀስኩት ሰውዬ የአያቴን ምሰሶ ሳቅፍ ምንም አልተሰማኝም። እውነተኛው የቱ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ልቤ ግን የቱጋ እንደቀረ አላወቅሁም። ይሄ እስከ ዛሬ ግራ ያጋባኛል።

መልስ

ታክሲ ውስጥ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልንገረው ወይስ ደስታውን ልተውለት? አያት ደርሼ በሩን ስከፍት አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነበር። መዋሸት አቃተኝና ሁሉንም ነገርኩት፤ የሳትኩትንም፣ ኋላ ያገኘሁትንም።

«አውቄያለሁ» አለኝ። «የድንጋይ ግንብ ስትለኝ ነው ያወቅሁት።»

ከተማውን ሙሉ አቋርጬ አንድ ክፍል ስፈልግ ውዬ፣ ዋናውን ነገር ያገኘሁት እዚህ ሳሎናችን ውስጥ ነው። ታዲያ አባዬ፣ ስደውልልህ ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

«እየሳቅህ ስታወራኝ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ» አለ። «እንዳታቆምብኝ ፈርቼ ነው።»