የእጄ ችፌና የአራስ ቤቱ ቅቤ

እጄ የተላጠው በንጽህና ምክንያት ነው። ሌላው ሰው ባለመታጠቡ ይታመማል፤ እኔ አብዝቼ በመታጠቤ ታመምኩ። ዳላስ ውስጥ ሆስፒታል የነርስ ረዳት ነኝ። የታካሚ ክፍል ስገባ እጄን በሳኒታይዘር አሻለሁ፣ ስወጣ አሻለሁ፣ ጓንት አጠልቃለሁ፣ አወልቃለሁ፣ ደግሞ እታጠባለሁ። ሆስፒታሉም ይህን ሁሉ ትጋቴን አይቶ ችፌ ሸለመኝ። መዳፌ ቀልቶ ተቀረፈ፤ የጣቶቼ መገጣጠሚያ እየተሰነጠቀ ይደማ ጀመር።

ሐኪሟ አየችኝና “ደርማታይቲስ” አለችኝ። በፈረንጅ አፍ ሲጠራ በሽታው ራሱ የተማረ መሰለኝ። ቅባት አዘዘችልኝና “ውሃና ሳኒታይዘር ቀንሺ” ብላ አሰናበተችኝ። የነርስ ረዳትን ውሃ ቀንሺ ማለት ሹፌርን መንገድ ቀንስ እንደ ማለት ነው። አመስግኜ ወጣሁና በማግስቱ ሥራ ገባሁ።

ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን የምናውቀው ግን እኔና ሐኪሟ ብቻ ነን። ማኅበር ላይ ጭልፋ ሳነሳ “አንቺ ተቀመጪ እንጂ፣ ደክሞሻል” የሚሉኝ ሴቶች በዙ። ይሄ ሁሉ ርኅራኄ ከየት መጣ ብዬ ቀና ስል ዓይናቸው እጄ ላይ ነው። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። ሰው ሠርቶ ሲያበላኝ ደግሞ አልጠላም።

ያልቻልኩት የልጄን ነው። አንድ ልጅ ነው ያለችኝ። እዚሁ ያደገች፣ ከዳላስ ወጣ ብሎ ባለው ፍሪስኮ ቢሮ የምትሠራ፣ ከባሏ ጋር ሰፊ ቤት ውስጥ የምትኖር። የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ እኔ ከእሷ በላይ ቀን እቆጥር ነበር። እሷን ስወልድ የሚያርሰኝ ሰው አልነበረኝም። ሌክ ሃይላንድስ አፓርትመንት ውስጥ፣ አባቷ ሥራ ሲሄድ፣ ገንፎዬን ራሴ አገንፍቼ፣ ራሴ በልቼ፣ ሳህኑን ራሴ አጥቤያለሁ። ልጄ እንዲህ አትሆንም ብዬ ለራሴ ምያለሁ። ፈቃዴን ሁሉ አጠራቅሜ ላርሳት፣ ሕፃኗንም በገዛ እጄ ላጥባት ተዘጋጀሁ።

ልጄ ደግሞ የተዘጋጀውን እጅ አየችው።

“ማሚ፣ ይሄ ነገር ኢንፌክሽን አይደለም፣ አይደል? ማለቴ፣ ለቤቢዋ... ሶ፣ ከመወለዷ በፊት ትሪት አድርጊው፣ ኦኬ?”

“ኦኬ” አልኩ። እንዲህ በትሕትና ከቤት የሚያስወጣ አነጋገር የት እንደተማረች አላውቅም።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ የጓደኛዬን ምክር አገባሁ። ጓደኛዬ ከኤርፖርት ሰው የምታመላልስ ሹፌር ናት። “ሲቢዲ ትራይ አላደረግሽም እንዴ?” አለችኝ፣ ሐኪም ቤት እንደዋለ ሰው። ማን እንደነገራት ስጠይቃት ተሳፋሪ ነው አለች። የዳላስ ሐበሻ ሕክምና ግማሹ ከኋላ ወንበር የሚመጣ ነው።

ሱቁ ፕሌኖ ውስጥ በዶናት ቤትና በጥፍር መቀቢያ ቤት መካከል ነው። ቴክሳስ በሀሺሽ ሰው የምታስር አገር ናት፤ የሀሺሽን የአጎት ልጅ ግን በየመንገዱ በመብራት አስውባ ትሸጣለች። ጢሙን እንደ ባሕታዊ ያሳደገ ሻጭ በእርጋታ ተቀበለኝ። ሲቢዲ ከዚያው ተክል ዘመድ እንደሚወጣ፣ ግን እንደማያሰክር አስረዳኝ። ለችፌ ይጠቅማል ወይ አልኩት። ይጠቅማል። ለእንቅልፍስ? ይጠቅማል። ለጉልበት፣ ለጭንቀት፣ ርችት ሲተኮስ ለሚደነግጥ ውሻም ይጠቅማል። በእርግጥ ያድነኛል ወይ ስለው ግን “የሰው አካል ይለያያል” አለኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑ ገብቶኛል። ቢሆንም ክሬሙንም ዘይቱንም ይዤ ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ማሳከኩ ትንሽ ተወኝ። ሲቢዲው ነው እንዳልል፣ በዚያው ሰሞን ፈቃድ ወጥቼ ከሳኒታይዘር ተለያይቻለሁ። ሁለቱም ምስጋናውን ለመውሰድ ቀርበው አልተከራከሩም።

እዚህ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር። ጓደኛዬ ግን “ክሬሙ የፈረንጅ ነው፣ ቆዳችን አያውቀውም። ዘይቱን በለጋ ቅቤ ለውሺው” አለችኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ለወስኩት። ሽታው ሣር ሣር የሚል አረንጓዴ ቢጤ ቅቤ ወጣው። በባዶ የዮገርት ዕቃ ገልብጬ፣ ልጄ ልትወልድ ስትል ከሻንጣዬ ጋር ፍሪስኮ ወሰድኩትና ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። ምን እንደሆነ አልጻፍኩበትም። ሐበሻ ፍሪጅ ውስጥ በዕቃ ላይ የተጻፈን ማን ያምናል? ዮገርት የሚለው ሽሮ ነው፣ አይስክሬም የሚለው በርበሬ ነው። ሁላችንም እየከፈትን እያሸተትን ነው የምንኖረው።

ሕፃኗ ተወለደች። ደህና፣ ቆንጆ፣ ጸጉራም። እጄ ከግማሽ በላይ ድኖ ስለነበር ልጄ በነጭ የጥጥ ጓንት እንድታቀፋት ፈቀደችልኝ። የልጅ ልጄን እንደ ሙዚየም ዕቃ በጓንት ታቀፍኳት፤ ያም ሆኖ ደስ አለኝ። በጓንትም ቢሆን ሙቀቷ ይሰማል።

በሳምንቱ የማኅበሩ ሴቶች “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ሊሉ መጡ። እኔ ሳሎን እያስቀመጥኳቸው ጓደኛዬ ማድ ቤት ገብታ ገንፎውን ታገነፋለች። ቅቤ ሲያስፈልጋት እንደ ማንኛውም ሐበሻ ፍሪጁን ከፍታ፣ የዮገርቱን ዕቃ አውጥታ አሸተተች። ሣር ሣር አላት። “ኮሰረት በደንብ ገብቶበታል” ብላ አቀለጠችው፣ በርበሬ ነሰነሰችበትና የገንፎው መሐል ላይ አፈሰሰችው። ዘይቱን በቅቤ ለውሺው ያለችኝ እሷው መሆኗን ልብ በሉልኝ።

ሴቶቹ ቀመሱ። “ይሄ ቅቤ ከየት መጣ?” አለች አንዷ። “የጎጃም ነው፣ አፌ ያውቀዋል” አለች ሌላዋ። እኔ በሙገሳው ኮርቼ ውሃ ልቀዳ ማድ ቤት ገባሁ። የእጄ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ባዶውን የእቃ ማጠቢያው ውስጥ ተጋድሟል።

ሮጬ ስመለስ የማኅበሩ ትልቋ እናት በቅቤ የራሰ ጉርሻ ይዘው ልጄ አፍ ዘንድ ደርሰዋል። “ክፈቺ ልጄ፣ አራስ አፍ አትሰስትም” ይሏታል። ልጄ አፏን ከፍታለች። ሕፃኗ ጡቷ ላይ ናት።

“እንዳትበዪ! እማማ፣ በማርያም፣ እጅዎን ይመልሱ!”

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ዝም ብል ልጄ ትበላለች፣ ሕፃኗም ትጠባዋለች። ብናገር ስሜ ያልቅለታል። ተናገርኩ። ቅቤው የእጄ ቅባት ነው፣ ሲቢዲ አለበት አልኩ። ሲቢዲ ምንድነው ብለው እማማ ሲጠይቁ፣ ከመካከላችን ነርስ የሆነችው፣ ለማስረዳት ብዙ የማትለፋው፣ “ሀሺሽ ነው” አለቻቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የማያሰክረው ዓይነት ነው እያልኩ የሻጩን ትምህርት ብደግምላቸው የሚሰማኝ ጠፋ።

“እኔ ቆራቢ ነኝ!” አሉ እማማ ጉርሻውን ሳህን ላይ እየጣሉ። የትምህርት ቤት ባስ የምትነዳው “ሰኞ ለድራግ ቴስት ኮል ቢያደርጉኝስ?” ብላ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች። አንዷ ግድግዳው እንዳይዞርባት ዓይኗን ጨፍና ቁጭ አለች። ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። ትንሽ ቆይተው እማማ በቀስታ፣ “ግን እኮ ጉልበቴ ቀለል አለኝ” አሉ። ቅምሻቸው ገና ጉሮሯቸውን አልወረደም ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አናገረችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

“ማሚ፣ ብሬስትፊድ እያደረግኩ ነው። ያ ነገር ለቤቢ ሴፍ ይሁን አይሁን ማንም አያውቅም። ሶ፣ ፕሊስ፣ አትንኪያት። ለአሁን።”

የታጠበ ልብስ ማጠፊያ ክፍል ገብቼ በሕፃኗ ፎጣ ላይ አለቀስኩ። ልጄ ተሳስታለች ብዬ አይደለም። ልክ ስለነበረች ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ በኋላ አበሰልኩ፣ አጠብኩ፣ አጠፍኩ። ሕፃኗን ከበር ላይ ሆኜ በአየር እስማታለሁ። ያን የተረፈ ዘይት ጥዬ ወደ ሐኪሟ ቅባትና ወደ ተራ ቫዝሊን ተመለስኩ። የማኅበሩ ሴቶች ግን አልተውኝም። በሀሺሼ ያማተቡት ሁሉ ተራ በተራ ደውለው፣ ስለ ጤናዬ ረዘም አድርገው ጠይቀው፣ ሊዘጉ ሲሉ “ለመሆኑ ሱቁ ፕሌኖ የቱ ጋ ነው?” ይሉኛል። ነገርኳቸው። ምን ቸገረኝ!

የክርስትናዋ ቀን ሲቃረብ የሕፃኗ ጉንጭ ቀላ። ከዚያ ሻከረ። ፊቷን የእናቷ ደረት ላይ እየፈተገች ታለቅስ ጀመር። ልጄ ሐኪም ቤት ወስዳት ስትመለስ ሰሃን እያጠብኩ ነበር። አጠገቤ መጥታ ቆመች፤ ሕፃኗ ትከሻዋ ላይ ትነጫነጫለች።

“እኔ አልነካኋትም” አልኩ፣ ሳልጠየቅ። “እመቤቴን፣ አንድም ቀን አልነካኋትም።”

“አውቃለሁ፣ ማሚ። ኤግዚማ ነው አሉኝ። በዘር ሊመጣ ይችላል አሉ። ፋሚሊ ውስጥ ማን አለው ብለው ጠየቁኝ።”

ኤግዚማ የሚሉት ያው ችፌን ነው። ውሃውን ዘጋሁት። ለልጅ ልጄ የማወርሳት ወርቅ አጥቼ ይህን አወረስኳት ብዬ ቆምኩ። ልጄ እጄን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው፤ ስንጥቁን በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ነካችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንዲህ ያየችው።

“ምን ምን ይላታል?” አለችኝ። “እሷ መናገር አትችልም። አንቺ ንገሪኝ።”

መጀመሪያ እንደሚያቃጥል፣ ከዚያ እንደሚያሳክክ፣ ሙቀት እንደሚያብሰው፣ ሱፍ ልብስ እንደ እሾህ እንደሚወጋ፣ ሌሊት ብቻሽን ስትሆኚ እንደሚብስ ነገርኳት። ልጄ እየሰማችኝ እንባዋ በጉንጯ ይወርድ ነበር። ስለ ሕፃኗ ነው ወይስ ስለ እኔ፣ አልጠየቅኳትም። ተናግሬ ስጨርስ ልጇን ከትከሻዋ አውርዳ በሁለቱ መዳፎቼ ላይ አስቀመጠቻት።