ፓይተን ልቀይር ተነስቼ በሰይድ ቀናሁ

ዛሬ ጠዋት ወልድያ ቢሮዬ ውስጥ ኮምፒውተሬን አንስቼ ላፈርጠው ምንም አልቀረኝም። ያናደደኝ ግን ኮምፒውተሩ አይደለም፤ መርሳ ያለው የሥራ ባልደረባዬ ሰይድ ነው።

ሁለታችንም የሰብል መረጃ የምንተነትንበትን ፓይተን የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ወደ አዲሱ ቨርዥን እንድንቀይር ታዘዝን። እኔ አሮጌውን አጠፋሁና አዲሱን ጫንኩ። አብረውት የሚሠሩትን ፓኬጆች ላወርድ ስል ኔትወርኩ ጥርግ ብሎ ጠፋ። ያለ እነሱ ደግሞ ፕሮግራሜ አይንቀሳቀስም። ለአለቃችን የምንልከው የሰብል ሪፖርት ደግሞ ከሰዓት ይጠበቃል።

ሰይድ ጋ ደወልኩ።

"እኔ ጋማ አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ሠርቷል" አለኝ። አንጀቴ ቅጥል አለ!

አሮጌውን እንዳጠፋሁት ስነግረው ሳቀ። "አዲሱ ሳይበቅል የድሮውን ዘር ትበላለህ እንዴ? አብሽር፣ አይዞህ፣ ፓኬጆቹን በፍላሽ እልክልሃለሁ።"

(የገበሬ ልጅ እኮ እኔ ነኝ። እሱ የባለሱቅ ልጅ ነው!)

ፍላሹን ለሚኒባስ ሹፌር ሰጠልኝ፤ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ፓኬጆቹን ስጭናቸው ፕሮግራሜ ወዲያው ሠራ። ይሄም አናደደኝ። አንዷ ፓኬጅ እንኳ እንቢ ብትል ምን ነበረበት?

ሪፖርቱን በሰዓቱ ላክሁ። አለቃችን ደውለው "ጎበዝ! ሰይድማ ጠዋት ነው የላከልኝ" አሉኝ።

አሁን ፍላሹን ልመልስለት ነው። "አመሰግናለሁ" የሚል መልእክት ጀምሬ እያጠፋሁ ተቀምጫለሁ።

እናንተስ፣ ከጭንቅ ባወጣችሁ ሰው ቀንታችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ አውሩኝ።

ሰይድ፣ አንተ ግን እዚህ መጥተህ "አብሽር" ብለህ እንዳትጽፍ!