አማቴ ሰበርኩት ያሉት ጊታር

የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደችው ዳንግላ እያለን ነው። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር፤ ባለቤቴ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች። የተከራየነው ቤት ሁለት ክፍል ሲሆን ሳሎኑንና መኝታውን የሚለየው መጋረጃ ነው። ባሕር ዳር ስማር የገዛሁት ጊታር ከሶፋው አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ጥሩ ተጫዋች ነበርኩ አልልም። ልጅቷ ግን አመሻሽ ላይ ማልቀስ ስትጀምር አንድ ሁለት ዜማ ቀስ አድርጌ ከመታሁላት ዝም ትላለች። ስለዚህ ያ ከተማሪነቴ ጀምሮ ማንም ቁም ነገር ያላለው ዕቃ፣ ባለቤቴ ሳትቀር በየጠዋቱ አቧራውን የምትጠርግለት የቤቱ ባለሥልጣን ሆነ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አማቴ መጡ። ከእንጅባራ ወጣ ካለ ገጠር፣ አንድ ማዳበሪያ ድንች ሚኒባስ ላይ አስጭነው፣ በእጃቸው ማር አንጠልጥለው ነው የመጡት። የልጅ ልጃቸው ክርስትና እስኪደርስ ሊቆዩ ነው። ረጅም፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ናቸው። ከልጃቸው ጋር የሚያወሩት በአገውኛ ነው፤ እኔ ስገባ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ አገውኛ ከሰላምታ አልፎ አይገባኝም ነበር።

በመጡ በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ሕፃኗን ታቅፈው አገኘኋቸው። ባለቤቴ ገበያ ወጥታ ነበር። ሰላም ስላቸው ቀና ብለው አላዩኝም። ደክሟቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

አመሻሹ ላይ ጊታሩን አነሣሁ። ለእንግዳ ብዬ ከወትሮው ጠበቅ አድርጌ መታሁት። ወፍራሙ ክር «ጥዝዝዝ» አለ። ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ ነው የሚመስለው። ደግሜ መታሁት፤ ያው ነው።

«ምን ሆነ?» አለች ባለቤቴ።

«እንጃ። ክሩ ይነዝራል።»

አማቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡና ወደ ግቢ ወጡ። ለእራት ተጠርተው ሲመለሱ ሁለት ጉርሻ ያህል ቀምሰው «ጠገብኩ» አሉ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ከእንቅልፌ ስነሣ ከመጋረጃው ወዲያ አባትና ልጅ በአገውኛ ሲነጋገሩ ሰማሁ። የእሷ ድምፅ ይለምናል፤ የእሳቸው አጭር ነው። ብቅ ስል አማቴ በትራቸውን ይዘው፣ ቦርሳቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል።

«ልሂድ ነው ልጄ» አሉኝ። «ከብቱን ለሰው ጥዬ ነው የመጣሁት።»

ከብቱን ትልቁ ልጃቸው እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ምን አጎደልኩ? ከሥራ ስመለስ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አላጫወትኳቸው ይሆን? ወይስ ጊታር መምታቴን እንደ አዝማሪ ቆጥረውብኝ ነው? ባለቤቴን ወደ ማድ ቤት ጠራኋት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ትናንት እኔ ገበያ እያለሁ ሕፃኗ አለቀሰች። ሊያነሷት ሲሮጡ ጋቢያቸው ጊታሩን ጠልፎ ጣለው። መልሰው አቆሙት። ማታ ድምፁን ሲሰሙ ነው እንደሰበሩት ያወቁት። በልጄ ቤት ዕቃ ሰባሪ ሆኜ አልቀመጥም ነው የሚሉት።»

እፎይ አልኩ። እኔን ካልተቀየሙ ሌላው ቀላል መሰለኝ። ወደ ሳሎን ተመልሼ፣ «አባባ፣ ምንም አልሆነም እኮ። ጊታር ስንት ጊዜ ይወድቃል!» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ጆሮዬ አልደነቆረም። በመጣሁበት ማታ ስትመታው ደግ ነበር። ትናንት እንደዚያ አይደለም።»

ውሸት እንደማይሠራ ገባኝ። «እንግዲያው ምን እንደሆነ ልየው። እርስዎም አብረውኝ ይዩ። ተሰብሮ ከሆነ እነግርዎታለሁ። እስከ ምሳ ብቻ ይቆዩልኝ» አልኩ። በትራቸውን ከእጃቸው ባይለቁም «እሺ» አሉ።

ጊታሩን ጭኔ ላይ አስተኝቼ መጀመሪያ ስንጥቅ ፈለግኩ። ሆዱን ዙሪያውን በጣቴ እየደበደብኩ አዳመጥኩ፤ የላላ ቦታ የለም። የመቃኛዎቹን ብሎኖች በካቻቢቴ ሞከርኳቸው፤ ጥብቅ ናቸው። አማቴ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው እያንዳንዱን ነገር ይከታተላሉ። ቀጥሎ ወፍራሙን ክር በአንገቱ ላይ በተደረደሩት ብረቶች ላይ አንድ በአንድ እየተጫንኩ መታሁት። ሳልጫነው ይነዝራል፤ ከላይ ባሉት በመጀመሪያዎቹ ብረቶችም ይነዝራል፤ ወደ ሆዱ እየቀረብኩ ስሄድ ግን ድምፁ ይጠራል። ክሩን ጫፍና ጫፉ ላይ ተጭኜ መሐሉን በብርሃን አየሁት። ክሩ ብረቶቹ ላይ ተኝቷል። ቀጭን ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ሊኖረው ይገባ ነበር።

ችግሩ አንገቱ ነው ማለት ነው። በመውደቁ ተጣሞ ቢሆንስ? ፊቴ ላይ አንብበውት መሰለኝ፣ አማቴ «አየህ?» አሉ በዝግታ።

ባሕር ዳር ጊታር የሚጠግን የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበረኝ። ኔትወርክ ፍለጋ ከአጥሩ ጥግ ቆሜ ደወልኩለት። ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት።

«መቼ ነው የጀመረው?» አለኝ።

«ትናንት ወድቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ።»

«ከመውደቁ በፊት አልነበረም? እርግጠኛ ነህ?»

ቢኖርም ላልሰማው እችላለሁ። ሁልጊዜ የምመታው ሕፃን ለማስተኛት ነው፤ በለቅሶዋ መሐል፣ ጣቴን አለስልሼ። ጥያቄውን ጮክ ብዬ ደገምኩት። ያኔ ባለቤቴ ከበሩ ላይ፣ «እንዴ! ስልኬ ላይ አለኮ!» ብላ ጮኸች።

ለካ እኔ ትምህርት ቤት ስውል ልጅቷን የምታባብልበት፣ ስመታ ሳላውቅ የቀዳችው ድምፅ አላት። የተቀዳው አባቷ ከመምጣታቸው በፊት ባለው ሳምንት ነው። አማቴም ወደ ግቢ ወጡና ሦስታችን ስልኳ ላይ ተደፋን። መጀመሪያ የልጅቷ ለቅሶ ይሰማል፤ ከዚያ ጊታሩ፤ ከዚያ ለቅሶው ይቀንሳል። ወፍራሙ ክር ተራው ሲደርስ፣ ቀጠን ብሎ፣ ከድምፁ ሥር ተደብቆ፣ «ጥዝዝ።»

«ቆዪ፣ ድገሚው» አሉ አማቴ።

ደገመችው። ስልኩን ከእጇ ተቀብለው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡና «አለ! ድሮም ነበረበት!» ብለው በትራቸውን መሬት ላይ ጣሉት። እንደዚያ ጮክ ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ባለቤቴ እየሳቀች እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

ጓደኛዬ አሁንም በእኔ ስልክ መስመር ላይ ነበር። ስነግረው ሳቀ። «በጋው ነው ያደረቀው። እንጨቱ እርጥበቱን ሲያጣ አንገቱ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ክሩም ብረቶቹን ይነካል። አልተሰበረም። አንገቱ ውስጥ የተቀበረ ዘንግ አለ፤ በሆዱ ቀዳዳ በኩል ጫፉን ታገኘዋለህ። ክሮቹን አላላና ወደ ግራ ሩብ ዙር ብቻ አዙረው። አትቸኩል።»

የተናገረውን ለአማቴ ሳስረዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነው። ሞፈርም በበጋ እንዲሁ ያደርጋል» አሉ። ሰባሪ የነበሩት ሰውዬ አሁን የሥራ ባልደረባዬ ሆኑ።

ለዘንጉ ብሩጎላ የሚሉት የታጠፈ ቁልፍ ያስፈልጋል። ከቤታችን ፊት ለፊት ባጃጅ የሚጠግን ጎረቤት ነበር፤ ሄጄ ለመንኩት። ዘይት የጠገበ የቁልፍ ዘለላ ሰጠኝ። ትክክለኛውን እስክናገኝ አማቴ አንድ በአንድ እያቀበሉኝ ሞከርን። ገጠመ። ክሮቹን አላላሁ። ወደ ግራ ሳዞረው መጀመሪያ እንቢ አለ፤ ከዚያ «ቀጭ» ሲል ሁለታችንም ደነገጥንና ተያየን። ጊታሩን ገልብጬ አየሁት፤ ምንም አልሆነም። ቃኝቼ መታሁት። መንዘሩ ቀንሷል፤ ግን አልጠፋም።

«ጥቂት ቀረው» አሉ አማቴ።

እንደገና አላላሁ፣ ትንሽ ጨመርኩ፣ ቃኘሁ። መታሁት። ወፍራሙ ክር ከላይ እስከ ታች ጥርት ያለ፣ ረጅም ድምፅ ሰጠ።

«እስቲ እርስዎ ይሞክሩት» ብዬ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ እንደ ትኩስ ነገር። «ይቅርብኝ፣ ይቅርብኝ!» አሉ እየሳቁ። ልጃቸው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገረቻቸው። አውራ ጣታቸውን ቀስ ብለው ወፍራሙ ክር ላይ አሳረፉና ለቀቁት። ድምፁ ደረታቸው ድረስ ሳይሰማቸው አልቀረም፤ እጃቸውን በጊታሩ ሆድ ላይ ዘርግተው ቆዩ።

ምሳ ሲቀርብ ከእኔ ቀድመው እጃቸውን ታጠቡ። ድንቹ በሚጥሚጣ ተሠርቶ ነበር። ሁለት ጊዜ ተጨምሮላቸው በሉ፤ ባለቤቴ ሦስተኛ ልትጨምር ስትል ግን ሳህኑን በእጃቸው ከለሉ። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፈቱና የክርስትናው ዕለት የሚለብሱትን ነጭ ልብስ አውጥተው፣ እንዳይጨማደድ ምስማር ላይ እንድሰቅልላቸው ሰጡኝ።