ዳማው ፈረስና የቶንጎ ዓይን

ቶንጎን በስሙ የሚጠሩት ሚስቱ ጌሩና ጥቂት ዘመዶቹ ብቻ ነበሩ። ለቀረነው፣ ከባሊ ወዲያ ባለች ደሴት ለምንኖር የኮዲ ሰዎች፣ «የሜቴ ጌታ» ነበር። ሜቴ ጥቁር ፈረሱ ነው። በየዓመቱ ከባሕር የሚወጣው ትል ዳርቻውን በሞላ ማግስት በምናደርገው ጉግስ ላይ የመጀመሪያውን ጦር የሚወረውር ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቶንጎ ያንን ጦር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይቀማው ወርውሯል። ከሜዳው ውጪ ሲታይ ምኑም አያስደንቅም። አጭር ነው፣ ሆዱ ገፋ ብሏል፣ በቆሎው ሁልጊዜ ከጎረቤት ዘግይቶ ይታረማል፣ ሲሪ የሚባለውን ቅጠል ሲያኝክ ቀዩ ምራቅ አገጩ ላይ ይወርዳል። ፈረስ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ነው፤ ይህን ጠላቱም አይክድም።

ሁለተኛው ሙያው ዓይኑ ነበር። ፈረስ ሊገዛ ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ ቶንጎን ይለምናል። ነጩ አምባላይ ፈረስ ጦር ይጠራል፣ ጌታው ቶሎ ይቆስላል። ቡላ ሀብት ይስባል፣ ልቡ ግን ፈሪ ስለሆነ ለነጋዴ እንጂ ለጉግስ አይሆንም። የኋላ ግራ እግሩ ብቻ የነጣ ፈረስ ሰው ከቤት ያስወጣል፤ ወይ ሚስት ትሄዳለች ወይ ልጅ ይኮበልላል። ግንባሩ ቦቃ ሆኖ ነጩ እስከ ከንፈሩ ከወረደማ የጌታውን ጎተራ በልቶ ይጨርሳል። ከዚያ ደግሞ ጠጉሩ የሚዞርበት ቦታ አለ። አዙሪቱ ደረቱ ላይ ከሆነ ድፍረት ነው፣ ታፋው ላይ ከሆነ ስንፍና። አንገቱ ላይ፣ ከጋማው ሥር ተደብቆ ከተገኘ ግን የመቃብር አዙሪት ይባላል፤ ያንን ፈረስ የጋለበ ሰው ዓመት አይደፍንም። እንዲህ ያለው ፈረስ አይጋለብም፣ አይሸጥም፣ ለሰው አይሰጥም። ታስሮ እየበላ ይቆይና በመንደሩ መጀመሪያ ለሚሞተው ሽማግሌ ይታረዳል፤ ነፍሱን ተሸክሞ ወደ አባቶች ያደርሰዋል።

የቀለም ሁሉ ንጉሥ ንጹሕ ዳማ ነው። አንድም ነጭ ጠጉር የሌለበት፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ደም የለበሰ የሚመስል ዳማ። በሜዳው ላይ ደም ካልፈሰሰ ሩዙ አያፈራም፣ ስለዚህ አባቶች ያንን ቀለም ይወዱታል። ቶንጎ በሕይወቱ ብዙ ዳማ አይቷል። አንዱ ሰኮናው አጠገብ፣ ሌላው ጭራው ሥር፣ የሆነ ቦታ ላይ ነጭ አያጣም። ንጹሑን አንድ ቀን እንደሚያገኘው ሳይጠራጠር ሃምሳ ዓመት ሞላው። ያገኘው ግን የአጎቱ ልጅ ሬሂ ሆነ።

ሬሂ ባሊ ሄዶ ሆቴል ቤት ሰሃን ሲያጥብ ስድስት ዓመት ከርሞ የተመለሰ፣ ጥርሱ የማይከደን ሰው ነው። ሰው ሲያሾፍበት አብሮ ይስቃል። ጉግሱ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ከደሴቲቱ ምሥራቅ በጭነት መኪና ዳማውን ይዞ መጣና መንደር ዳር አወረደው። ሰው ሁሉ ወጣ። ቶንጎም ወጣ፤ ባይወጣ ይሻለው ነበር።

መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። አንገቱን፣ ደረቱን፣ የእግሩን አጣጣል እያየ አፉን ከፍቶ ቆመ። ቀጥሎ ገመዱን የያዘውን እጅ አየ፤ የሬሂ እጅ ነው። እጁ እኮ ለስላሳ ነው፣ የሳሙና እጅ ነው!

«ጋሼ ቶንጎ! ያንተን ዓይን ስጠብቅ ነው፣ ማንንም አላስነካሁት» አለ ሬሂ።

«ጥርሱን አይተኸዋል?»

«አራት ዓመቱ ነው ጋሼ።»

«ነገ በጠዋት አየዋለሁ። መንገድ ያደከመው ፈረስ አይታይም።»

የጉግሱን ቀን የሚቆርጡት ካህን፣ ራቶ ሆሎ፣ በዱላቸው ተደግፈው መጥተው ፈረሱን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ዓይናቸው ፈዟል፣ ቀለሙ ግን አላመለጣቸውም።

«እንዲህ ያለ በአባቴ ዘመን አንድ ነበር» አሉ። «ንጹሕ ከሆነ የዘንድሮውን የመጀመሪያ ጦር ይህ ፈረስ ይከፍተዋል። ሜቴም አርጅቷል፣ ይረፍ።»

«የሜቴ ጌታ፣ ጡረታ ወጣህ በለኛ!» አለ አንድ ቀልደኛ ከኋላ።

ሰዉ ሳቀ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ቶንጎ ነበር።

ቤቱ ሲገባ ግን ራት አልበላም አለ። ጌሩ እንደሆነች አታልፍም።

«ምን ሆነህ ነው ሩዙን የምትቆፍረው?»

«አልራበኝም።»

«አዎ፣ የራበህ ዳማው ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝም በይ።»

«እኔ ዝም ብል ፊትህ ዝም አይልም። ልጁ እኮ እንደ ታላቅ ወንድሙ ነው የሚያይህ።»

«ማን ጠላኝ አለሽ?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጠልቶት ቢሆን ይቀልለው ነበር። ሰሃን አጣቢ! ከፈረስ ሲወርድ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ የማያውቅ! እሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደረቱን ለጦር ሲሰጥ፣ ሬሂ ለቱሪስት ሹካ ሲወለውል ኖሮ፣ አሁን መጥቶ ስሙን ሊወስድ ነው። ሰዉ ሜዳ ላይ የሬሂን ፈረስ ስም እየጮኸ ሲጠራ በጆሮው ተሰማው፤ ፈረሱ ደግሞ ገና ስም እንኳ አልወጣለትም።

ጠዋት ሄደ። ሬሂ ፈረሱን አጥቦ፣ ጋማውን አበጥሮ፣ ቡና አፍልቶ ይጠብቀዋል። ቶንጎ ከሰኮናው ጀመረ። በእውነት ነው የፈለገው፤ ከልቡ፣ ጠጉር በጠጉር። አንዲት ነጭ ጠጉር ብቻ ነበር የሚመኘው። ታፋው ሥር፣ ሆዱ ላይ፣ ጆሮው ውስጥ፣ ከጭራው ሥር ሁሉ ፈለገ። የለም። በሃምሳ ዓመቱ እንዲህ ያለ ንጹሕ ገላ ዳስሶ አያውቅም። መጨረሻ ላይ ጣቶቹ ከጋማው ሥር ገቡ። እዚያም እንደ ሐር ለስልሶ ወደ አንድ ወገን የተኛ ጠጉር ነበር። ጣቶቹ ግን ቆሙ።

በኋላ ለራሱ «አስቤበት አይደለም» ይል ነበር። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስብበት ያደረ ይመስለኛል።

«ሬሂ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ይህን ፈረስ ጋልበኸዋል?»

«አንዴ ብቻ። ከመኪናው እስከ ቤት።»

«ሁለተኛ እንዳትወጣበት።»

የሬሂ ፊት አመድ መሰለ። «ምን አገኘህ?»

«እዚህ ጋ። በቀጥታ አትየው፣ በጎን ነው የሚታየው። ጠጉሩ ሲዞር አየኸው?»

ሬሂ ጎንበስ ብሎ ብዙ ጊዜ አየ። አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ቦታውን ክብ እያደረገ ዳሰሰው።

«አየሁት» አለ በመጨረሻ። ቶንጎን የገረመው ይህ ነው፤ ልጁ የሌለ ነገር አየ።

ራቶ ሆሎም መጥተው ጋማውን ገለጥ አደረጉ። «የሜቴ ጌታ አለ ካለ አለ» ብለው ተመለሱ። ጌሩ ማታውን «እውነት አይተኸዋል?» ስትለው «ዓይኔን ልትጠራጠሪ ነው?» ብሎ ጮኸባት፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም።

በዚያ ዓመት የመጀመሪያውን ጦር ለሃያኛ ጊዜ የወረወረው ቶንጎ ነው። ሰዉ «ሜቴ! ሜቴ!» እያለ ሜዳውን አናወጠው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ግን ሬሂ የሚጋልበው ፈረስ ስለሌለው በእግሩ እየሮጠ «እንካ ጋሼ፣ ጠንካራውን ያዝ» እያለ ጦር ያቀብለዋል። ቶንጎ ጦሩን በተቀበለ ቁጥር የልጁን ፊት ላለማየት የሜቴን ጆሮ ያያል።

ቅናቱ በዚህ የሚያበቃ መስሎት ነበር፤ አላበቃም። ዳማው በሮቃው ዛፍ ሥር ታስሮ፣ ሳይጋለብ እየበላ፣ ይባስ አማረበት። ሬሂ በየቀኑ ወንዝ ወስዶ በከተማ ሻምፑ ያጥበዋል። ቶንጎ ወደ በቆሎው ሲሄድም ሲመለስም መንገዱን አጣሞ በዚያ በኩል ያልፋል። ሁልጊዜ ሰው ያገኛል፤ የመቃብር አዙሪት ለማየት ከሩቅ መንደር ሳይቀር ይመጡ ነበር። እያንዳንዱ አውራ ጣቱን ይልሳል፣ ጋማውን ይገልጣል፣ በዚያች ቦታ ክብ እየሠራ ይዳስሳል፣ «ወይ ጉድ» ይላል። ቶንጎ ቆሞ ያያቸዋል። እሱ መንካት ይፈራል፤ ሌላው ሁሉ እንደ ልቡ ይነካዋል።

ቀስ እያለ ደግሞ ሌላ ነገር ገባው። ይህን ፈረስ አንድ ሰው መጋለቡ አይቀርም፤ ያም ሰው ሬሳ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመንደሩ ማን እንደሚያስል ማዳመጥ ጀመረ። የትኛው ሽማግሌ ዱላ ጨመረ፣ ማን እህል እምቢ አለው እያለ ይጠይቃል። ሰዉ ደግ ሆነ ይለው ነበር።

ዝናብ ሲገባ ራቶ ሆሎ ተኙ። ቶንጎ ሊጠይቃቸው ሄዶ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። ሽማግሌው ከስተው አጥንት ሆነዋል፣ ፊታቸው ግን በርቷል።

«አይዞዎት አባባ፣ ይድናሉ» አላቸው።

«ለምን ብዬ ነው የምድነው?» አሉና ሳቁ። «ስልሳ ዓመት ለሌላው ቀን ስቆርጥ በእግሬ ነው የሄድኩት። አሁን በዳማ ልሄድ ነው። አባቶች ደጃፍ በዚያ ፈረስ ስደርስ ይታይህ። አንተ ነህ ያገኘህልኝ፣ ተባረክ ልጄ።»

ቶንጎ ምርቃቱን ተቀበለ። ከደጃፉ ሲወጣ ነገሩ ገባው። ሊሞት በተኛ ሰው ቀናበት! እንዲህ ዓይነት ቅናት ሰው ላይ ይደርሳል ብሎ አስቦ አያውቅም፤ ግን እንደ እሳት ፈጀው።

በሦስተኛው ቀን አረፉ። የቀብሩ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ሜዳው በለቀስተኛ ሞላ፣ የነሐሱ ደወል ይመታል፣ የእርሻ ጎሾቹ ታርደዋል። የካህኑ ልጅ ሌዴ ገጀራውን ይዞ ቆመ። ሬሂ ዳማውን ራሱ ስቦ አመጣው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበርና ያ ቀለም ደም የለበሰ መሰለ።

ቶንጎ ቢናገር ምን እንደሚያጣ ያውቃል። የመጀመሪያው ጦር ይቀራል፣ ስሙም ይቀራል፣ ዓይኑን ዳግመኛ የሚያምን አይኖርም። ቢሆንም ሌዴ ገጀራውን ሲያነሳ መሐል ገብቶ ጮኸ። ከጸጸት ነው ብል ደስ ባለኝ። ግማሹ ጸጸት ነበር፤ ግማሹ ግን ያ ሽማግሌ በዚያ ፈረስ ሲሄድ ማየት ስላልቻለ ነው።

«አቁሙ! ምንም የለበትም! ዋሽቼ ነው፣ አዙሪት የለበትም!»

ደወሉ ቆመ። ሌዴ ገጀራውን እንዳነሳ ቀረ።

«አሥር ወር ስንዳስሰው የከረምነውን ነው የለም የሚለው?» አለ አንዱ።

«ፈረስ ወዶ አበደ፣ ምስኪን» አለች አንዲት ሴት።

ሬሂ ገመዱን በግራው እንደያዘ መጥቶ የቶንጎን እጅ ያዘ። ጋማውን ገለጠና ጣቶቹን እዚያች ቦታ ላይ አሳረፈለት። «ይኸው ጋሼ። እኔም እወደዋለሁ። ግን ይኸው።»

ቶንጎ ዳሰሰ። ጠጉሩ ዞሮ ነበር። ያ ሁሉ የረጠበ አውራ ጣት፣ ያ ሁሉ ወር፣ ቀጥ ብሎ የተኛውን ጠጉር ክብ አድርጎት ነበር።

«ይህ የጣታችሁ ነው!» አለ። «እናንተ ናችሁ ያዞራችሁት! መጀመሪያ አልነበረም፣ ሬሂ ሙት፣ አልነበረም!»

ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለፈረስ እንዲህ የሚያዝን ሰው አይተው አያውቁም። ሁለት ጎረምሶች በትከሻው ይዘው በአክብሮት ወደ ዳር ወሰዱት። ከሰው ሁሉ መሐል ያመነችው ጌሩ ብቻ ነበረች። ትክ ብላ አየችውና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች።

ገጀራው ወረደ። ዳማው በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ከዚያ በጎኑ ወደቀ፣ ደሙ ከገላው ቀለም አልለይ አለ። ደወሉ እንደገና መመታት ጀመረ።

ሬሂ ፊቱን በክንዱ እየጠረገ ወደ ቶንጎ መጣና አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ ፈረሴን ልታተርፍልኝ ብለህ ስምህን በሰው ፊት ልታረክስ ነበር እኮ። ይህን አልረሳልህም» አለው። «ያን ቀን ባታየው ኖሮ ዛሬ የምትቀብሩት እኔን ነበር።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እነሱ ያይ ነበር።

«አዎ» አለ ቶንጎ።