ጋሽ ፍሬን የተሳሳተበት ዘይት

አባባን ጋራዥ ውስጥ ማንም በስሙ አይጠራውም ነበር። ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ «ጋሽ ፍሬን» ነበር የሚሉት። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ከከተማው አውቶቡሶች ሆድ ሥር በጀርባው ተኝቶ ፍሬን ሲሠራ ኖሯል። ከአንገቱ እጥፋት ጥቁር መስመር ጠፍቶ አያውቅም፤ እናቴ «ይሄን አንገት ሳጥብ ሳሙናው አለቀ እንጂ እሱስ አልነጣም» ትል ነበር።

እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ጡረታ ከወጣ በኋላ የሆነውን ነው።

ጡረታው አልተስማማውም። አዳዲሶቹ አውቶቡሶች ፍሬናቸው በአየር የሚሠራ ሆነ፤ እሱ የሚሠራበት ጉድጓድ በሲሚንቶ ተደፈነ፤ እሱም መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተተከለ። ሬዲዮ ይከፍታል፣ አይሰማውም። የማያንጠባጥብ ቧንቧ ያጠብቃል። የበሩን ማጠፊያ ዘይት ይቀባል፤ በሳምንቱ ደግሞ ያንኑ ማጠፊያ። እናቴ «በዚህ ከቀጠልክ በሩ ራሱ ተንሸራቶ ይሄድልሃል» እያለች ትስቅበታለች፤ ከሳቋ ሥር ግን ጭንቀት ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ ውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ። የሥራ ክልሌ ዳገትና ቁልቁለት ስለነበር ከአንድ ባልደረባዬ ላይ አሮጌ የተራራ ብስክሌት ገዛሁ። ዲስክ ፍሬን ያለው፣ በሽቦ ሳይሆን በዘይት የሚይዝ። አንድ ሐሙስ ከውሃ ታንከሩ በታች ያለውን ቁልቁለት ስወርድ የፊት ፍሬኑን ጨበጥኩ። እጀታው እንደ እርጥብ ስፖንጅ ተጨመቀብኝና ሄዶ መሪውን ነካ፤ ብስክሌቱ ግን ከቁም ነገርም አልቆጠረኝ። በኋላው ፍሬን ብቻ፣ ሁለት ጫማዬን አስፋልቱ ላይ እየጎተትኩ፣ የአንድ ግቢ አጥር ውስጥ ተሰክቼ ቆምኩ። ክርኔ ተላጠ፤ የቆጣሪ ወረቀቶቼ መንገዱ ላይ ተበተኑ።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። እናቴ ክርኔን ስታይ «ውይ ልጄን!» ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች። አባባ ግን እኔን ትቶ ወደ ብስክሌቱ ሄደ። እጀታውን ጨበጠ፣ ለቀቀ። ቶሎ ቶሎ ሲጨብጠው ጠንከር አለ፤ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ላላ።

«አየር ገብቶበታል» አለ።

«ልጅህስ? እሷን ምን ነካሽ አትላትም?» አለች እናቴ ከጓዳ።

«እሷማ አፍ አላት፣ ትናገራለች።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዘይት ሲጫኑት አይሸሽም፤ የሰጠሽውን ኃይል እንዳለ ይዞ ጎማው ድረስ ያደርስልሻል። አየር ግን እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ነው። ሲጫኑት ይኮማተራል፣ ሲለቁት ይነፋል፣ ሥራ ግን የለም» አለኝ። ይህን የጋራዥ ድምፁን ከሰማሁት አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃዎቹን ግቢው ውስጥ ዘረጋና እናቴን እያየ «ረጋጭ ያስፈልገኛል» አላት። እሷም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች።

ረጋጭ የምትለው ቃል በቤታችን ታሪክ አላት። እናቴ በወጣትነቷ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበረች። አንድ ቀን አውቶቡሷ ፍሬኑ ተበላሽቶ ጋራዥ ገባ፤ ሁለት ሰዓት ጠብቃ ትዕግሥቷ ሲያልቅ የትኬት ቦርሳዋን አንግታ ለጠብ መጣች። ከአውቶቡሱ ሥር የሚታየው አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ መኪና ዛሬ ይወጣል ወይስ ለከርሞ?» ብትል፣ ጫማው «ረጋጬ ታሞብኛል። እዚያ ቆመሽ ከምትጮኺ፣ ወደ ላይ ውጪና ፔዳሉን ርገጪልኝ፣ ቶሎ ያልቃል» አላት። ወጣች። የእነዚያ አውቶቡሶች ፍሬን አየር የሚወጣለት በሁለት ሰው ነበር፤ አንዱ ከላይ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ከሥር ቡሎኗን ላላ አድርጎ አየሩን ያስወጣና መልሶ ያጠብቃል። «ርገጪ! ያዢ! ልቀቂ!» አራቱም ጎማ እስኪዳረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ፤ ፊቱን አንድ ጊዜም ሳታየው። በመጨረሻ ሲወጣ ከዓይኑ በቀር ሁለመናው ጥቁር ነበር። «እኔ ያገባሁት ድምፁን ነው» ትላለች እናቴ። አባባም «መልኬን ቀድመሽ ብታዪውማ ሳትረግጪ ትሄጂ ነበር» ይላል።

ያን ቅዳሜ እሱ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ እሷ መሪውን ይዛ፣ ሥራው ተጀመረ። «ጨብጪ! ያዢ! ልቀቂ!»

«አትጩህብኝ፣ አሁንማ አጠገብህ ነኝ» አለችው፤ ግን ሲላት ትጨብጣለች፣ ሲላት ትለቃለች። ጡረታ የወጣ ቀን ከጋራዥ የተሰጠውን ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት አውጥቶ ሞላ። በቀጭኗ ቱቦ ውስጥ አረፋው እየተከታተለ ወጣ። ምሳ ሰዓት ላይ እጀታው እንደ ድንጋይ ጠነከረ። አባባ ካልሞከርኩት ብሎ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ግቢውን ዞረ፤ እናቴ «በስልሳ ስምንት ዓመትህ! አጥንትህን ማን ይለቅምልሃል!» እያለች ከኋላው ተከተለችው። እንደዚያ ቀን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ዘጠኝ ቀን ሠራ። በአሥረኛው ቀን እጀታው በጨበጥኩበት ቀረ፤ የፊት ጎማውም አልዞር አለ። አባባ ፈታው፣ ገጠመው፣ እንደገና ፈታው። ምንም የለም። ከዚያ እጆቹን ገልብጦ አያቸውና «አርጅቻለሁ መሰለኝ» አለ። ይህን ከአፉ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እናቴ ሰምታ እንዳልሰማች ወደ ቤት ገባች።

በማግሥቱ ራሱ ቀድሞ ተነሥቶ «ለሚያውቀው እንስጠው» አለ። ገበያው ጫፍ፣ በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንዲት ብስክሌት ሠሪ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ፀጉሯን በጨርቅ ጠቅልላለች፤ ጣቶቿ ግን የአባባን ጣቶች ይመስላሉ። ከእጀታው ላይ ያለችውን ክዳን ከፈተች፣ ጣቷን ነከረች፣ አሸተተች።

«ምን ዘይት ነው የጨመራችሁበት?»

እኔ «እንጃ፣ የሆነ ሰው ነው...» ብዬ ልዋሽ ስል አባባ ቀደመኝ። «የመኪና ፍሬን ዘይት። የጨመርኩትም እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ክዳኗን አንሥታ በላዩ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አሳየችው። «ይሄኛው የማዕድን ዘይት ብቻ ነው የሚቀበለው፣ አባቴ። የመኪናውን የሚወስዱም ብስክሌቶች አሉ፤ እንደ ሥሪታቸው ነው። የማይሆነው ሲሞላበት ውስጡ ያለው የላስቲክ ቀለበት፣ ጎሚኒው፣ ያብጣል፤ ከዚያ የፍሬኑን ሸራ የሚገፋውን ፒስተን አንቆ ይይዘዋል።»

አባባ መነጽሩን አውጥቶ አነበበው። ደግሞ አነበበው። «ዘይት ዘይት ነው ብዬ ነው» አለ በቀስታ። «የማውቀው አንድ ዘይት ነበር።»

«ይሄ እኮ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው።»

«ብዙ ሰው ጋሽ ፍሬን አይባልም።»

ልጅቷ ነገሩ ባይገባትም ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ፊቱ ላይ ተሰብስቦ የነበረው ነገር ተበተነ። አጠገቡ የነበረውን የእንጨት ሣጥን ስቦ ተቀመጠና «በይ አሳዪኝ» አላት።

ከተጋጨ ብስክሌት ላይ ያወጣችው ተመሳሳይ ፍሬን ነበራት። ያበጠውን ከላይም ከታችም ቀይራ ቱቦውን አጠበች። ሸራዎቹን አውጥታ በጨርቅ ጠቅልላ ራቅ አድርጋ አስቀመጠች፤ አንዲት የዘይት ጠብታ ከነካቻቸው አለቀላቸው አለች። በፒስተኖቹ መካከል ፕላስቲክ ሰካች። ከላይ እጀታው ላይ ትንሽ ጽዋ አሰረች፤ ከታች ደግሞ ዘይት የሞላ መርፌ፣ እንደ ሐኪም መርፌ ያለ፣ በቀጭን ቱቦ አገናኘች። ከዚያ ከሥር ዘይቱን ቀስ አድርጋ ትገፋለች፣ ቱቦውን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ታደርጋለች፣ መሪውን ዘንበል ቀና ታደርጋለች። አረፋው ጽዋው ውስጥ ብቅ እያለ ይፈነዳል። ዘይቱ ያለ አረፋ እስኪመጣ ድረስ አላቆመችም።

አባባ ዓይኑን ሳይነቅል ቆይቶ «ረጋጭሽስ?» አለ።

«ምን ረጋጭ?»

«የሚጨብጥልሽ ሰው።»

«ለዚህ ሰው አያስፈልግም። አየር ራሱ ወደ ላይ መውጣት ይወዳል፤ እኔ ከሥር መግፋት ብቻ ነው።»

እሱ ራሱን ነቀነቀ። ሸራዎቹ ተመለሱ፤ እጀታው ጠነከረ፤ ጎማውም ስታዞረው ዞረ፣ ስትይዘው ቀጥ አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ብስክሌቱን እሱ ነው የሚገፋው። ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ብሎ እጀታውን ጨብጦ ለቀቀ።

«ብቻዋን ሠራችው» አለ።

«ታዲያ ጥሩ አይደለም አባባ?»

«ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው።» ጥቂት ተራመደ። «እንዲህ ቢሆን ኖሮ ግን እናትሽን የት አገኛት ነበር?»

የመሪውን ሌላ ጫፍ ይዤ አብሬው ገፋሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ጋዜጣ ልገዛ ነው ብሎ ወጣ። ለምሳ ሲመለስ ጋዜጣ የለም፤ እጁ እስከ አንጓው ጥቁር ነው። እናቴ እጁን አየች፣ እኔን አየች፣ ውሃ አቀረበችለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማክሰኞና ዓርብ ብስክሌት ሠሪዋ ዘንድ የእሱ የሥራ ቀን ሆነ። ደንበኞች «ጋሼ፣ ሥራው የእርስዎ ነው?» ሲሉት «የለም፣ እኔ ዘንድሮ የገባሁ ተማሪ ነኝ» ይላል። ልጅቷን ደግሞ የካቻቢቴ ጫፍ ጎማው እምብርት ላይ አስደግፎ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ አድርጎ፣ ጎማውን የሚያዞረው ኩሽኔታ ሲበላ ድምፁ እንዴት እንደሚደመጥ አስተማራት። እናቴ ስለ እነሱ ስትናገር «ሁለቱ ቅባታሞች» ትል ነበር።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ። በአራተኛው ዓመት ልቡ ደከመና ሦስት ሳምንት ተኝቶ አረፈ። ብስክሌት ሠሪዋ ሦስት ቀን ሱቋን ዘግታ እኛ ጋ ተቀመጠች። ሱቁ ውስጥ የቀረውን ቱታውን አጥባና ተኩሳ ነበር ያመጣችው፤ እናቴ ስትቀበላት «አይ ልጄ፣ ሳታጥቢው ብታመጪው ይሻለኝ ነበር» አለቻትና ሁለቱም አለቀሱ።

አሁን መንገዱ ሲሰፋ ያች የቆርቆሮ ክፍል ፈርሳለች፤ ልጅቷም ሌላ ሰፈር ከፍታለች። እሑድ እሑድ ግን እናቴን ለመጠየቅ ትመጣለች። እናቴም የድሮውን የአውቶቡስ መስመሯን ፌርማታዎች፣ ከመነሻው እስከ መጨረሻው፣ በዚያ በትኬት ቆራጭ ድምፅ ትጠራላታለች። ልጅቷ ከግማሽ በላዩን አታውቃቸውም። «ይሄኛው የት ነበር እማማ?» ትላለች፤ እናቴም ትነግራታለች።